ለማስተማር የሚሄድ አስቀድሞ ይማር

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ ትምህርትን የሚያህል የለም። ገንዘብ ቢሰጡት ያልቃል፥ ልብስ ቢሰጡት ያረጃል፤ ፊደል ግን አንድ ጊዜ ከልብ ከገባ እስከ መቃብር አብሮ ይኖራል። ነገር ግን ስጦታም አሰጣጥ አለው። የተጠማ ሰው ቢገኝ ውሃውን በቅል ወይም በዋንጫ ያቀርቡለታል እንጂ ከእንስራው አፍ በፊቱ ላይ አይደፉበትም፤ ቢደፉበትማ ልብሱ ይርሳል እንጂ ጥሙ አይቈረጥም። ትምህርትም እንደዚሁ ነው፤ ሰጪው ደግ ስለ ሆነ ብቻ ተቀባዩ አይጠግብም።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ወድደው ለማስተማር ስለሚሄዱ ወጣቶችና፥ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ሊያገኙት ስለሚገባቸው ሥልጠና ጥቂት ነገር እንናገራለን። በቀድሞው አነጋገር ሳይገደድ በፈቃዱ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደው ወዶ ዘማች ይባል ነበር፤ ዛሬ በጎ ፈቃደኛ የምንለው አስተማሪ የፊደል ወዶ ዘማች ነው። «ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው፤ በቤተሰብ ገጽ ላይ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የሚሄደው የአንድ ቤት ልጅ፥ የሚያሳድረው የአንድ ቤት አባወራ፥ የሚማረውም የአንድ ቤት ሕፃን መሆኑን ያስተውል። ሦስት ቤት የሚነካ ነገር የቤተሰብ ነገር ካልሆነ ሌላ ምን የቤተሰብ ነገር አለ?

ይህን የሚጽፈው ሰው በአዊ አገር በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሚተዳደር ነው። አዊ በጎጃም ምድር እንጅባራንና ዳንግላን ይዞ የሚገኝ፥ ሰባት ቤት አገው የሚባለው ሕዝብ አገር ነው። ደጋው ገብስና ድንች፥ ቀርከሃና ፈረስ የሞላበት፥ ዝናሙም የሚረዝምበት ነው። የሕዝቡ ቋንቋ አገውኛ ነው፤ ባለቤቶቹ በራሳቸው አጠራር አውጚ ይሉታል። በዳንግላ ከተማና በዙሪያዋ አማርኛ ይበዛል፤ ከእንጅባራ ወደ ባንጃና ወደ አንከሻ ገጠር ሲዘልቁ ግን ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋራ የሚጠባው አገውኛን ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከደጋው ወገን የመጣ፥ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ባላገር ወደ መዝገብ ቤቱ ገብቶ፥ በጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ወረቀት ፈትቶ፥ «ጌታው፥ ይህ ወረቀት ምን እንደሚል ያንብቡልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ወረቀቱ የመሬት ኪራይ ውል ነበር፤ ከግርጌውም በቀለም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አለበት።

«አባቴ፥ መሬትዎን ለዐሥር ዓመት አከራይተዋል ይላል» አልሁት።

«ለሦስት ዓመት ነው ያሉኝ» አለና ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶም አውራ ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጦ አየው።

«በልጅነትዎ ፊደል አልቈጠሩምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቈጥሬ ነበር እንጂ! አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። አስተማሪያችን ከሩቅ ከተማ የመጣ ወጣት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አይመታንም፥ ለድኾቹም ደብተር በገንዘቡ እየገዛ ይሰጠን ነበር። ነገር ግን የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ከአገውኛ በቀር አንሰማም። እርሱ ሲናገር እኛ አፉን እናያለን። ዓመቱ ሲያልቅ እርሱ ወደ አገሩ ሄደ፤ እኔም ወደ ከብቶቼ ተመለስሁ።»

የክርክሩን ፍጻሜ መናገር የዳኞች እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን «አፉን እናያለን» ያለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ያ ወጣት አስተማሪ ሰነፍ አልነበረም፥ ክፉም አልነበረም፤ ገንዘቡን እንኳ አልሰሰተም። እንግዲህ የጐደለው በጎ ፈቃድ አይደለም፤ የጐደለው ከመሄዱ በፊት «የምትሄድበት አገር ሕፃን የሚሰማው በምን ቋንቋ ነው?» ብሎ የሚጠይቀውና የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ለመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በችሎት ይህ ሲፈጸም እናያለን፤ ዳኛው የተናገረውን አስተርጓሚው በአገውኛ ይመልሳል፥ ተከሳሹም ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፥ ያን ጊዜ ነገሩ ይቀጥላል። እንግዲህ በስርቆት የተጠረጠረ ሰው እንኳ የሚባልበትን ይሰማ ዘንድ ሕግ ካሰበለት፥ ምንም ያልበደለ የ7 ዓመት ሕፃን በማይሰማው ቋንቋ ፊት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል ማን ይቁምለት?

ወጣቶችን ሰብስቦ ወደ ገጠር ለማስተማር መላክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ያለፈውን መመርመር ለሚመጣው ይጠቅማልና በአጭሩ እንመልከተው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1953 ዓ.ም. የሰላም ጓድ የተባለውን ድርጅት ባቋቋሙ ጊዜ ኢትዮጵያ ብዙ መምህራን ከተቀበሉት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ሆነች። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ግድም 280 የሚያህሉ ወጣቶች ወደ አገራችን መጡ፤ አለቃቸውም በኋላ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ለመሆን የበቁት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች ከመምጣታቸው አስቀድሞ ዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነዋል፤ አማርኛም ተምረዋል። ከመጡም በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ይሁን እንጂ በሩቅ አገር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የተማሩት አማርኛ በገበያ መካከል ሲፈተን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም።

የሰላም ጓዶች በ1969 ዓ.ም. ከአገራችን ወጡ፤ በመካከልም ተመልሰውና ዳግመኛ ወጥተው፥ በ2000 ዓ.ም. እንደ ገና መጡ። በዚህ በኋለኛው ዘመን ሥልጠናው የሚካሄደው በዚሁ በኢትዮጵያ ምድር ሆነ፤ ሠልጣኙም 3 ወር ያህል በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤት እያደረ፥ እንጀራውን አብሮ እየቈረሰ ቋንቋውን ይማር ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በዓለም ሁሉ ያሉት ጓዶች ሲጠሩ በእኛ አገር የነበሩትም ሄዱ። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን ይህ ነው፤ የሥልጠናው ስፍራ ከአዳራሽ ወደ ጓዳ ተዛውሯል። ምጣድ የምታሰማ እናት ፊደል ባትቈጥርም እንኳ ለእንግዳው የመጀመሪያዪቱ መምህር እርስዋ ሆነች።

የገዛ ወጣቶቻችንም ዘምተዋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፥ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ የሚበዙትም የተላኩት ለማስተማር ነው። ይህ ግዳጅ እንጂ ወዶ ዘማችነት አልነበረም፤ ነገር ግን በከተማ ያደገ ወጣት የገጠሩን ኑሮ በዐይኑ እንዲያይ አድርጓል። ከዚያም ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀምሮ 60 ሺህ የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ።

ከሁሉ የበለጠው ግን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ ከአገራችን ሕዝብ ከ100ው ከ90 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀመጠ፤ ባልቴቲቱ በፋኖስ ብርሃን ስሟን ጻፈች፤ ሥራውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ከዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። የዘመቻው አዘጋጆች ሰው በሚሰማው ቋንቋ ካልተማረ እንደማይማር ዐውቀው፥ ትምህርቱ በሂደት በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እንዲሰጥ አደረጉ። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አገውኛ ከ15ቱ ቋንቋዎች አንዱ አልነበረም። ስለዚህ በአንከሻና በባንጃ ኮረብታ ላይ ያለ ገበሬ ፊደልንና አማርኛን በአንድ ጊዜ ይማር ዘንድ ግድ ሆነበት። ሁለት ሸክም በአንድ ጀርባ ማለት ይህ ነው።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም በዚህ ጥያቄ ውስጥ አልፈዋል። ናይጀሪያ በ1965 ዓ.ም. ባቋቋመችው የብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎት መሠረት፥ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ሁሉ ከተወለደበት ግዛት ውጭ ወደ ሌላ ግዛት ሄዶ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ብዙዎቹም በገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። አስቀድመው በሰፈር ውስጥ የሚቈዩት 3 ሳምንት ነው። ይህ ወጣቶችን ከወጣቶች ጋራ ለማስተዋወቅ ይበቃ ይሆናል፤ የሰውን ቋንቋ ለመልመድ ግን 3 ሳምንት ምን ያህል ነው? ታንዛንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1967 ዓ.ም. በሙሶማ ከተማ፥ ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ በተወሰነ ጊዜ መምህራን አልበቁም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ደረጃን የጨረሱ ብዙ ሺህ የመንደር ወጣቶች በዚያው በመንደራቸው እያስተማሩ በራዲዮና በጽሑፍ፥ እየዞሩ በሚጐበኟቸውም ዐዋቂ መምህራን እጅ ሠለጠኑ። እነዚህ ደመወዝተኞች እንጂ በጎ ፈቃደኞች አይደሉም፤ ዕውቀታቸውም ገና ጥሬ ነው ብለው የተቹ ነበሩ። ነገር ግን ሕፃኑ የአስተማሪውን ነገር ይሰማ ነበር፤ አስተማሪውም የሕፃኑን እናት በስሟ ያውቃት ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ዘንድ ፈቀደ፤ ከዚያም ወዲህ በአዊ አገውኛ የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ ሆነ። መጽሐፉም የሚጻፍበት ፊደል ይህ የምናውቀው ፊደላችን ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ የሌለ አንድ ድምፅ ስላለው፥ ከ«ገ» ላይ ምልክት ጨምረው «ጘ»ን አበጁለት፤ በአፍንጫ በኩል የሚወጣ ድምፅ ነው። «አውጚ» የሚለው የቋንቋው ስም ራሱ የሚጻፈው በዚህ ፊደል ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ለማስተማር የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ፥ ዲግሪም ቢኖረው፥ አስቀድሞ ካልተማረ በቀር የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ ሽፋን አያነበውም። በዚያች ፊደል ፊት ሊቁና ሕፃኑ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ሕፃኑ ይበልጣል።

ያ ባላገር ለቀጠሮው ሲመጣ አራተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጁን አስከትሎ ነበር። የቀጠሮውን ወረቀት ስሰጠው ለእርስዋ አሳለፈላት። ልጅቱ መጀመሪያ ፊደልን በአገውኛ፥ ቀጥሎም አማርኛን የተማረች ናት። ጣቷን ከቃሉ በታች እያስኬደች በአማርኛ አነበበችና በአገውኛ ነገረችው፤ «ችሎት» የሚለው ቃል ቢከብዳት ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፥ ይህ ምንድር ነው?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ያን ጊዜ ሁሉ አፏን ያይ ነበር፤ ነገር ግን አሁን እየሰማ ነው።

እንግዲህ ለማስተማር ወድዶ የሚሄድ ወጣት ምን ምን ይሠልጥን? በእኛ አስተያየት አራት ነገር ይበቃል።

አንደኛው ጆሮን ማሠልጠን ነው። የሚሄድበትን አገር ቋንቋ ፈጽሞ ባይችል እንኳ፥ ሰላምታውን፥ ቍጥሩን፥ «ተቀመጥ»፥ «ድገመው»፥ «አልገባኝም» የሚሉትን ቃሎች አስቀድሞ ይማር። ይልቁንም «አልገባኝም» የሚለውን ቃል፤ ይህን ቃል ከሕፃን አፍ በሰማ ጊዜ የማይለይ አስተማሪ ሕፃኑ እንደ ገባው ያስባልና። ከአዳራሽ ትምህርት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ወር በአንድ ገበሬ ቤት ማደር ይጠቅመዋል። ሲሳሳት ሕፃናት ይሥቁበታል፤ ይሣቁበት። በእርሱ ስሕተት የሣቀ ሕፃን የራሱን ስሕተት ለማሳየት አያፍርም።

ሁለተኛው የማስተማርን ጥበብ መማር ነው። ብዙ ሰው ያወቀውን ሁሉ ማስተማር የሚችል ይመስለዋል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ የታጨቁ ብዙ ሕፃናትን መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሕፃን ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ከለመደው በኋላ ፊደሉን አያየውም፤ አፉ ይሮጣል፥ ዐይኑ ግን ወፍ ያያል። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን አኖሩ። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ስለሚዛነቅ፥ በስንደዶ የተጠቈመውን ፊደል በዐይኑ ለይቶ ካላወቀ በቀር ሕፃኑ ማምለጫ የለውም። ደግሞም በዚያ ቤት ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፤ ስለዚህ አንድ መምህር ለብዙ ይበቃል። ይህ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ በገባበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ያነበበውን መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ ቃል እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። በቃል ከመያዝ ጋራ ማስተዋል እንዲኖር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በጎ ፈቃደኛው ብቻውን ከመላኩ አስቀድሞ በአንድ ዐዋቂ መምህር ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ይመልከት፤ ቀጥሎም እርሱ ያስተምር፥ ዐዋቂው ከኋላ ተቀምጦ ይመልከተው።

ሦስተኛው የአገሩን ጊዜ ማወቅ ነው። የአዲስ ቅዳም ገበያ ስሙ እንደሚናገረው ቅዳሜ ይውላል፤ በሌላውም ስፍራ ገበያው በሌላ ቀን ይውላል። በገበያ ቀን እናት እህል ተሸክማ ስትሄድ ትልቋ ልጅ ቤት ትጠብቃለች፥ ሕፃን ታዝላለች። ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ወንዱ ልጅ ከአባቱ ጋራ ነው። ይህን የማያውቅ አስተማሪ የቀሩትን ልጆች «ሰነፎች» ብሎ ይጽፋቸዋል፥ በመዝገቡም ላይ ቀይ ምልክት ያኖርባቸዋል፤ የሚያውቅ ግን በማግሥቱ ትምህርቱን ደግሞ ያስጀምራቸዋል። መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች እንደምናውቀው፥ «ቀርቷል» ብሎ መጻፍና «ስለ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አራተኛው፥ የሚረሳውም፥ መሄድን መማር ነው። በጎ ፈቃደኛ እንግዳ ነውና አንድ ቀን ይሄዳል። ሕፃናት የወደዱት አስተማሪ ባልታሰበ ቀን ሲጠፋባቸው ትምህርቱንም አብረው ይጠሉታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚተካውን ያስብ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚከብደው በደብተር ይጻፍ፤ ከመንደሩም አንዲት ጎበዝ ልጅ ወይም አንድ ጎበዝ ወጣት አጠገቡ አስቀምጦ ያለማምድ። ደግሞም የመንግሥት ሹሞች ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ፤ በጎ ፈቃደኛ የመምህር ደጋፊ ነው እንጂ የመምህር ደመወዝ ማዳኛ አይደለም። ዘላቂ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ እንግዳ የሚለዋወጥበት ማደሪያ ይሆናል።

ይህ ነገር በዛሬው ጊዜ ከምን ጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ልጆች ከፊደል ተለይተዋል። እነዚህ ልጆች በተመለሱ ጊዜ የ11 ዓመቱ ከ7 ዓመቱ ጋራ በአንድ መስመር ይቀመጣል፤ አንዳንዱም የተማረውን ረስቶ፥ አንዳንዱም በፍርሃት ተይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ክፍል ለመምራት መደበኛው መምህር ረዳት ሊፈልግ ይችላል። እንጅባራ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት። ከአዊ መንደሮች ወጥተው ከፍ ባለው ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች ቋንቋውን ከእናታቸው ተቀብለዋል፤ የጐደላቸው የማስተማር ጥበብ ብቻ ነው። በክረምት ወደ ቀበሌያቸው ሲመለሱ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያስተምሩ አሉ። ከመሄዳቸው በፊት ጥቂት ሳምንት በዐዋቂ መምህራን እጅ ቢሠለጥኑ ከሩቅ ከሚመጣው እንግዳ ይልቅ ፈጥነው ይጠቅማሉ። ከሩቅ የሚመጣውም አይናቅ፤ እርሱ ያላየነውን ያሳየናል፤ ነገር ግን ከአገሩ ልጅ ጋራ ተጣምሮ ይሥራ።

አሁን ለሦስቱ ቤቶች አንድ አንድ ቃል ተናግረን እንጨርስ።

ልጃችሁን የምትልኩ ወላጆች፤ ስንቅ ስታሲዙት ለደጋው ብርድ የሚሆን ቡሉኮ አትርሱ፤ ከቡሉኮውም ጋራ «የቀረበልህን ብላ፥ የማትፈጽመውን ተስፋ አትስጥ» የሚለውን ምክር አሲዙት። ሴት ልጃችሁን የምትልኩ ደግሞ፥ ማደሪያዋ ከትምህርት ቤቱ የቀረበ፥ በሩ የሚቈለፍ፥ አንዲት የታመነች እናት ያለችበት ቤት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትልቀቋት። ይህን መጠየቅ አለመተማመን አይደለም፤ የላኪውም መሥሪያ ቤት ግዴታ ነው። በሥልጠናዋም ላይ፥ ችግር ቢደርስባት ለማን እንደምትናገር በስም ተለይቶ ይነገራት። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜም መቅረት ሐሜት አያመጣም።

እንግዳውን የምታሳድሩ አባወራዎችና እመቤቶች፤ እንግዳ ስለ ሆነ አክብራችሁ ከከፍተኛው መደብ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፤ ወደ ምድጃው አቅርቡት፤ ቋንቋ ያለው በዚያ ነውና። ሲሳሳት አርሙት። «ልጄ፥ እንዲህ አይባልም፥ እንዲህ ነው የሚባል» የምትል አንዲት እናት ከብዙ መጽሐፍ ትበልጣለች። እርሱን ያስተማራችሁት እያንዳንዱ ቃል ተመልሶ ወደ ልጃችሁ ይመጣል።

አንተም ወዶ ዘማች ወጣት፤ ፈረስ በሞላበት በዚህ በአገው ምድር ማንም ሰው ያልተገራ ፈረስ ላይ ኮርቻ አይጭንም፤ ፈረሱን ስለ ጠላው አይደለም፥ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም ለማዳን ነው እንጂ። «መቼ እሄዳለሁ?» ብለህ ከመቸኰልህ በፊት «ማን ያስተምረኛል?» ብለህ ጠይቅ። በሄድህም ጊዜ፥ በመጀመሪያው ቀን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመህ ስትናገር የሕፃናቱን ዐይን ተመልከት። ዐይናቸው በአፍህ ላይ ተተክሎ የቀረ እንደ ሆነ ጠመኔውን አስቀምጥና ከመካከላቸው አንዱን ጠርተህ «ይህን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» ብለህ ጀምር።